የትንፋሽ አንባቢው ቤት

በታኅሣሥ ሁለተኛው ሰኞ ብሎክ አሥራ አራት ይነበባል፤ ስለዚህ ብሎክ አሥራ አራት ከእሑድ ቀትር ጀምሮ ተጋድሟል። ልብስ አይታጠብም፣ ወለል አይጠረግም። ሳቅ ያቃጥላልና ልጆች አፋቸውን እንዲይዙ ተነግሯቸዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ቅዳሜ የጀመሩትን ጠብ ለማክሰኞ ቀጥረውት ጀርባ ለጀርባ ተኝተዋል። አንደኛ ፎቅ በዚያ ሳምንት እናቱን የቀበረ ሰው አለ፤ ደረት መምታት ከትንፋሽ ላይ ሁለት ቀን አይለቅም ስለሚባል የሚያለቅሰው በዓይኑ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚደረገው ነገ ጧት አንድ ሰው መጥቶ ቱቦ ሲያስነፋቸው ገላቸው ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሚናገረው ቁጥር ዝቅ እንዲል ነው።

ሰውየው ያፌት ይባላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ አንዱን በትንፋሽ አንባቢነት ጨርሶታል። የሚኖረው እዚያው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆንም ጎረቤቶቹን ከሥራ ውጭ ሰላም አይላቸውም። ይንቃቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ሲበሉ፣ ሲሮጡ፣ ሲጨቃጨቁ ከርመው በአንድ ቀን መጋደም የረጋ ሰው ለመምሰል መሞከራቸው ያስቀው ነበር፣ መሳቅ ቢወድ።

ወላጆቹ በዘመናቸው የእጅ ሰዓት አስረው በቀን ስንት እርምጃ እንደሄዱ ይከታተሉ ነበር አሉ፤ ሰዓቱ «ጎበዝ» ሲላቸው ደስ ይላቸዋል። ልጆቻቸው ደግሞ ባለመሄዳቸው «ጎበዝ» ለመባል ቱቦ ይነፋሉ። ሰው መቼም ጎበዝ የሚለው ዕቃ አጥቶ አያውቅም።

ከደረጃው ግርጌ ንባቡን የሚያስፈጽመው ቢሮ የሰቀለው ሰሌዳ «የረጋ ገላ፣ የረጋ አገር» ይላል። ከመፈክሩ ሥር ቁጥራቸው ቢሮው ካሰመረው መስመር በላይ የወጣ ቤቶች ስም በቀይ ይለጠፋል። ሕዝቡ እነዚህን «ምድጃ» ይላቸዋል። ከምድጃ ቤት ልጁን የሚድር የለም፣ ከምድጃ ጋር ማኅበር የሚጠጣ የለም፤ ሚኒባስ ውስጥ ምድጃ አጠገቡ የተቀመጠበት ሰው ውጭው ውርጭ ቢሆንም መስኮት ይከፍታል። ሰባት ዓመት ሳያቋርጥ ከመስመሩ በታች የቆየ ቤት ግን በሩ ላይ ሰማያዊ ሴራሚክ ይለጠፍለታል። ባልና ሚስት ተደምረው ነው የሚታዩት። በብሎክ አሥራ አራት ሰማያዊ ሴራሚክ ያለው በር እስከዛሬ አልታየም። ያፌትና ሚስቱ ሶልያና ስድስቱን ዓመት ጨርሰው ሰባተኛው ላይ ናቸው። ያፌት ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ሌላ ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጧት ቱቦ የተገጠመለትን የንባብ ሳጥን በትከሻው አንግቶ ደረጃውን ጀመረ። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ሰዉ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ አፍንጫው ቀልቶ በር ይከፍታል። ያፌት የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ፈትቶ ይቆማል። በዚህ ይኮራል። ሌሊትም መስኮቱን ከፍቶ አንሶላ ብቻ ለብሶ ነው የሚተኛው። ብርድ የማይሰማው ገላው ረግቶ፣ ራሱ ቀዝቅዞ ከብርዱ ጋር ስለተስማማ ነው ብሎ ያምናል፤ በየሥልጠናውም ለአዳዲስ አንባቢዎች ራሱን በምሳሌነት አቅርቦ ይህንኑ ያስተምራል። ከነሱ አንዱ እንኳ እጁን አውጥቶ «ምድጃም እኮ አይበርደውም» አላለውም።

የሥልጠና መጽሐፉን በቃሉ ያውቀዋል። «እህል በአፍ ይገባል፣ በሆድ ይሟሟል፣ በደም ይዞራል። በእያንዳንዷ የገላ ቅንጣት ውስጥ፣ በትንፋሽ ከሳብነው አየር ጋር ተገናኝቶ ያለ ነበልባል ይነድዳል። ሙቀቱ ያቆመናል፤ ጭሱን እንተነፍሰዋለን።» ቀጥሎ ያለውንም ገጽ ያውቀዋል፤ ገላ ስንቅ ሲያጥረው እንደ ብልህ ባልቴት እንጨት ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ፀጉሩን፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን ይቆርጣል የሚለውን። መጽሐፉ መጀመሪያ ሲታተም ይህ ገጽ «ማስጠንቀቂያ» በሚል ርዕስ ሥር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢሮው ርዕሱን «የገላ ጥበብ» ብሎ ለወጠው። ያፌት አዲሱን ርዕስ ወደደው።

አምስተኛ ፎቅ ሲደርስ የእትዬ ሳምራዊት በር ገና ሳይቆረቆር ተከፈተ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ዓመት የስፖርት አስተማሪ ሆነው ልጆችን በፉጨት ሲያሯሩጡ ኖረዋል። መጥረጊያ ይዘዋል፣ ግንባራቸው ወዝቷል። ስማቸው ከደረጃው ግርጌ ከቀዩ ዝርዝር ጠፍቶ አያውቅም።

«በንባብ ቀን እየጠረጉ?» አላቸው።

«ስጨፍር ነበር፣ ስትመጣ ነው መጥረጊያ ያነሳሁት። ግባ።»

ቱቦውን ሰጣቸው። ጋደም ብለው ተነፈሱ፤ ሳጥኑ ላይ ቀይ ቁጥር ወጣ። ያፌት ቁጥሩን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«የአርባ ዓመት ሴት ያህል ያቃጥላሉ እኮ። በዚህ ዕድሜዎ ትንሽ አያፍሩም?»

«ጡንቻ ነው፣ ልጄ። ጡንቻ ተቀምጦም ይበላል። ምን ላድርገው፣ ላርደው?» አሉና ዓይናቸውን ወደ እግሩ ጣሉ። «በቀን አራት ብሎክ የምትወጣ የምትወርድ አንተ፣ ባትህን በመስተዋት አይተኸው ታውቃለህ?»

ያፌት ነገሩን ከቁብ አልቆጠረውም። ምድጃ ሁሉ ሌላውን ምድጃ ለማድረግ እንደሚጥር በሥራው ብዙ አይቷል። ሳጥኑን መዝጋት ጀመረ።

«ሶልያና ደኅና ናት?» አሉት እትዬ ሳምራዊት፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«እሷማ የብሎኩ መመኪያ ናት።»

«ዓርብ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ደግፋ ቆማ አገኘኋት። አንድ ዘለላ ቆስጣ ነው የያዘችው። እጇን ብጨብጠው የሬሳ እጅ ነው።»

«ረግታለች ማለት ነው። የእርስዎ ዓይነት ሰው ርጋታ ሲያይ መደንገጡ አይቀርም።»

«የጠፋ ምድጃም እኮ አያቃጥልም» አሉት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ ነበር እናቴ። ሂድ በል፣ ሥራህን ጨርስ።»

ያፌት ደረጃውን ሲወርድ ስለ አሮጊት ምድጃዎች ያሰበው ነገር ለመጻፍ አይመችም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ገባ። የነቢያት ጾም ስለሆነ ሶልያና እስከዚያ ሰዓት ድረስ ትሪውን አታቀርብም። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። በሁለት ጋቢ ተጠቅልላለች፤ አንደኛው የሱ ነው፣ እሱ አይፈልገውም። ፀጉሯ ሳስቷል፣ ማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን በሶፍት ጠቅልላ ትጥላለች። አንድ ነገር ሲጠይቃት መልሱ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ሁሉ ይዘገያል። ያፌት ይህን ሁሉ ያያል፤ ዓይን አለው፣ ያውም የሠለጠነ ዓይን። የሚያየውን ሁሉ ግን በ«የገላ ጥበብ» ምዕራፍ ያነብበዋል፤ ሚስቱ ስትከስም እሱ ደረቱን ይነፋል።

በብሎኩ ውስጥ አብዛኛው ሰው ለየብቻ ሳህን ከጀመረ ቆይቷል። ያፌት ግን ከአንድ ትሪ ያልበላ ባልና ሚስት ተከራይና አከራይ ነው ባይ ነው። ሶልያና ሽሮውን ከጎመኑ ጋር ጠቅልላ አጎረሰችው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና ሁለተኛውን ጠቀለለች። ቀጥላም ሦስተኛውን።

«አንቺስ?» አለ አፉ ሞልቶ።

«ስሠራ ቀማምሻለሁ።»

በዚህ አገር ይህን መልስ ያልሰማ ባል የለም፤ የተጠራጠረውም አልተገኘም። ያፌትም በእነዚህ ሰባት ዓመታት አንድ ቀን ሁለተኛ አልጠየቃትም። እየበላ ስለ እትዬ ሳምራዊት ያወራላት ጀመር፤ ስለ መጥረጊያው፣ ስለ ላቡ። «እንዲህ ያለ ሰው መሬት ላይ ምን ይሠራል? ከብት እንኳ በልቶ ወተት ይሰጣል» አለ።

«ደግ ሴት ናቸው» አለች ሶልያና።

«ምድጃ ናቸው።»

የእንጀራውን ጠርዝ እያስተካከለች፣ «አንተ ምድጃ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ብላ ጠየቀችው።

ያፌት በዓመት አንዴ የሚስቃትን ሳቅ ሳቀ። «እኔ? አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ ራሴን እወረውራለሁ። ያን ስም ተሸክሜ በዚያ ደረጃ አንድ ቀን አልወርድም» አለ። ሶልያና ከፊቷ የቀረውን እንጀራ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት፣ እሱም ጠረገው። ትሪው ባዶ ሆኖ ሲነሳ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

የአንባቢዎች ቤት የሚነበበው በማግስቱ ማክሰኞ ጧት ነው። የመጣው ማርኮን ነው፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ያፌት ራሱ ያሠለጠነው ልጅ። ደንቡ አንባቢ ሲነበብ የራሱን ቁጥር እንዳያይ ያዛል። ድሮ በሌላ ከተማ ቁጥራቸውን ዝቅ አድርገው የሚጽፉ አንባቢዎች ስለተገኙ ነው። ሳጥኑ ፊቱን ከተነባቢው አዙሮ ይነበባል፣ የአንባቢው ቁጥር በታሸገ ደብዳቤ ለቤቱ እመቤት ይሰጣል። እመቤቲቱ ለባሏ ብታሳየው የሚከለክላት የለም። ያፌት ግን ደብዳቤውን አሳዪኝ ብሎ አያውቅም። የሚያውቀውን ነገር ለምን ይጠይቃል?

ማርኮን መጀመሪያ ያፌትን አነበበ። ሳጥኑን አየ፣ ቀጥሎ ሶልያናን አየ፤ ሶልያና ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ያፌት ይህን አስተውሎ ልጁ ቀናብኝ ብሎ ደመደመ። ከዚያ የሶልያና ተራ ሆነ። ትንፋሿ ቱቦውን ለመሙላት አልበቃ ብሎ ሦስት ጊዜ ተደገመ።

«ጋሽ ያፌት» አለ ማርኮን በመጨረሻ። «የወይዘሮ ሶልያና በከተማው ዝቅተኛው ነው። ከዚህ በታች በሕይወቴ ያነበብኩት አንድ ሰው ነው፣ እሱም...»

«ተደምረንስ?» አቋረጠው ያፌት።

«ተደምራችሁ ከመስመሩ በታች ናችሁ። ለጥቂት። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ያፌት ስለዚያ አንድ ሰው አልጠየቀም። ማርኮን የታሸገውን ደብዳቤ ለሶልያና ሰጣት፤ ጋቢዋ ውስጥ ከተተችው።

ሴራሚኩ ቅዳሜ ጧት መጣ። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ኤልዳና ራሳቸው ይዘውት መጡ፤ ሦስት ደረጃ በወጡ ቁጥር እያረፉ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ፊቱ፣ ሴራሚክ የማይገባው ሰው በር ላይ ሲለጠፍ ለማየት የመጣ ሕዝብ ፊት ነበር፣ ምቀኝነቱን ግን በርጋታ ይዞታል። ንግግር ተደረገ። ይህ ቤት ለትውልድ አርአያ ነው ተባለ። ያፌት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ የአንዱን ጎረቤት ፊት ከሌላው እያማረጠ በንቀት አየ። ያን ቀን ያህል ሰውን የመናቅ ደስታ አግኝቶ አያውቅም።

በሥርዓቱ መሠረት ሴራሚኩን በሩ ላይ የምታሳርፈው የቤቱ እመቤት ናት። ሲሚንቶው ተቀብቷል፤ ከሷ የሚጠበቀው በሁለት እጇ ይዛ መጫን ብቻ ነው። ሶልያና ከአንድ የሾርባ ሳህን የማይከብደውን ሴራሚክ ተቀብላ እስከ ደረቷ አነሳችው። እዚያ ላይ ክንዷ ቆመ። ሴራሚኩ በጋቢዋ ላይ ተንሸራትቶ ወረደ፣ እሷም በግድግዳው ታክካ ቀስ ብላ ተከተለችው።

ማንም አልተነሳም። መሮጥ ያቃጥላል። ሰዉ ማን ቀድሞ ይነሣ እንደሆነ እርስ በርሱ ተያየ።

«አትንኳት» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና እጃቸውን ዘርግተው። «ይህ ጥልቅ ርጋታ ነው።» ሁለት ሰዎች አጨበጨቡ፣ በዝግታ።

ያኔ ከላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እትዬ ሳምራዊት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ፤ የተቀመጠውን ሰው በጉልበታቸው እየገፉ አለፉ። ጣታቸውን የሶልያና አንገት ላይ አደረጉና ቀና ብለው ያፌትን አዩት።

«አንሳት እንጂ፣ ምን ይገትርሃል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት አንተን አይተው ነው?»

ያፌት ጎንበስ ብሎ ሚስቱን አቀፈ። ለሰው ክብደት ተዘጋጅቶ ስለነበር በኃይል ብድግ ሲያደርጋት ወደኋላ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። በየቀኑ በትከሻው የሚያነግተው ሳጥን ከሷ የሚከብድ መሰለው። በዚያች ቅጽበት ፈራ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበበውን ሁሉ የገላ ምልክት አንድ በአንድ በክንዱ ላይ አገኘው፣ ርዕሱም «ማስጠንቀቂያ» ነበር።

አልጋ ላይ አስተኛት። እትዬ ሳምራዊት ለአምቡላንስ ስልክ እየደወሉ፣ «ብርድ ልብስ አምጣ» አሉት። ቁም ሣጥኑን ከፈተና ከላይ የታጠፈውን ብርድ ልብስ ሲስብ ሰባት ደብዳቤዎች ወለሉ ላይ ተበተኑ። ሁሉም የቢሮው ናቸው፤ ሁሉም ላይ ስሙ አለ። ብርድ ልብሱን ለእትዬ ሳምራዊት ወርውሮ የመጀመሪያውን ገለጠው። ቀይ። ከመስመሩ ጥቂት ከፍ ያለ። ሁለተኛው ከዚያ ከፍ ይላል። በየዓመቱ እየጨመረ ይሄዳል። የመጨረሻው፣ ማርኮን ማክሰኞ የሰጣት፣ ሰኞ ዕለት ራሱን ከነቀነቀበት ከእትዬ ሳምራዊት ቁጥር ይበልጣል።

የብሎክ አሥራ አራት ትልቁ ምድጃ እሱ ነው። እግሩ በሠላሳ አንድ ዓመት ደረጃ ጡንቻ አብቅሏል፤ በየበሩ የሚቋጥረው ንዴት ደሙን ያፈላዋል፤ የሁለት ሰው ምሳ ብቻውን ይበላል። በውርጭ ሸሚዙን ከፍቶ የሚቆመው ስለሚነድ ነው። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ይህን ነገር የማያውቅ ሰው በደብረ ብርሃን ከተማ እሱ ብቻ ሳይሆን አልቀረም፣ ደመወዝ ተከፍሎትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። እሱ አንድ ከፍ ባለ ቁጥር የዚያኑ ያህል ዝቅ ያለ ሰው ባይኖር ቤታቸው በመጀመሪያው ዓመት ቀይ ይሆን ነበር። ዝቅ ያለችው አልጋው ላይ ተኝታለች።

ሶልያና ዓይኗን ስትገልጥ ደብዳቤዎቹን በእጁ አየቻቸው።

«ለምን?» አላት።

መልሱ እንደ ልማዱ ዘገየ። «አንተ እኮ ምድጃ ሆነህ መኖር አትችልም ነበር» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት የናቅኸውን ሰው ሁሉ ሆነህ በዚያ ደረጃ ስትወርድ ማየት አልቻልኩም። መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ብዬ ነበር። አንተ ትቀንሳለህ ብዬ።»

«ብትነግሪኝ...»

«ትንቀኝ ነበር።»

እውነት ነበር። ያፌት ደብዳቤዎቹን ፊቱ ላይ ከደነ፤ እትዬ ሳምራዊት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩለት። አምቡላንሱ መጥቶ ሲወርዱ ሕዝቡ እዚያው ደረጃው ላይ ነበር። ወይዘሮ ኤልዳና ፕሮግራም አይቋረጥም ብለው ሴራሚኩን በራሳቸው እጅ በሩ ላይ አሳርፈው ነበር፤ ትንሽ ተጣሟል።

ሶልያና ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ቀን ተኛች። የጤና መኮንኑ ያፌትን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳው። «ገላ መንደዱን አያቆምም፣ አባቴ። እህል ካልሰጡት ስቡን ይማግዳል። ስቡ ሲያልቅ ጡንቻውን ይማግዳል። ልብም ጡንቻ ነው። እስካሁን የቆየችው ራሷን እየማገደች ነው።» ቀጥሎም፣ «ይህን የትንፋሽ ንባብ የፈለሰፈ ሰው መጀመሪያ በራሱ ሚስት ይሞክረው» አለ።

ምግብ እንዳያስቸኩሏት አስጠነቀቁ። እትዬ ሳምራዊትም ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ረጅም ጾም የፈታ ሰው ቸኩሎ በልቶ የሞተበትን ታሪክ ሦስት ጊዜ ነገሩት። በማንኪያ፣ ከዚያ በትንሽ ሳህን፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ያፌት እረፍት ወስዶ አልጋው ሥር ተቀመጠ። ልቧ መትቶ ሲያርፍ፣ አርፎ ሲመታ እጇን ይዞ ይሰማል፤ እንዳትሞትበት በሕይወቱ ተለማምጦ በማያውቀው አፉ ፈጣሪን ተለማመጠ።

ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ከጤና ጣቢያ የወጣ ሰው ደግሞ ስለሚነበብ ማርኮን እንደገና መጥቶ አነበባቸው፤ የሶልያና ከፍ ብሏል፣ የያፌት ዝቅ አላለም። በማግስቱ ከደረጃው ግርጌ «ያፌት፣ 4ኛ ፎቅ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተለጠፈ። ያፌት ፊቱ ቆሞ አነበበው። አምስተኛ ፎቅም አልወጣም፣ ራሱንም አልወረወረም፤ ቆስጣና ቅቤ ለመግዛት ወደ ገበያ ሄደ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አውቆት መስኮት ከፈተ። ሰውየው ሁለት ፌርማታ ያህል ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መልሶ ዘጋው፣ ከዚያም ሳያስበው ወደ ያፌት ትከሻ ጠጋ አለ። ያፌት ንቀቱ አልተወውም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የያዘ ሰው በአንድ ወር አይጥለውም። የሚንቀው ሰው ግን ተለውጦበታል።

ቤት ሲገባ ቢላዋ አንሥቶ ሴራሚኩን ከበሩ ላይ ፈነቀለው፤ ድሮም ጠማማ ስለነበር አላስቸገረም። ከዚያ ወደ ምድጃው ሄደ። እትዬ ሳምራዊት የገብስ ገንፎ አሠራር አሳይተውት ነበር። ዱቄቱን እየነሰነሰ በማማሰያው አጥብቆ ሲያማስል ክንዱ ዛለ፣ ሸሚዙ በላብ ረጠበ። ገንፎውን መሐሉን ጎድጎድ አድርጎ ቅቤና በርበሬ ሞላበት። ትኩሱን ድስት የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ሰማያዊውን ሴራሚክ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ድስቱን አሳረፈበት። ልክክ አለ። ቢሮው ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ጥቅም ላይ የዋለ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሶልያና አሁን የምትለብሰው አንድ ጋቢ ነው። እያቀዘቀዘ አጎረሳት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዝግ ብላ አላመጠች። ጥቂት ቆይቶ ግንባሯ ላይ፣ ከሳሳው ፀጉሯ ሥር፣ ላብ ችፍ አለ። ያፌት ጣቱን ዘርግቶ ነካው። ሞቃት ነበር። በሥራ ዘመኑ ስንቱን ሰው በዚህ በላብ አዋርዷል። አሁን እንዳይደርቅ የሳሳለት ይመስል ቶሎ አልጠረገውም።

«አንተስ?» አለችው።

እህል ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አፉ ውስጥ ሲገባ ያሳፍረው ጀምሯል። ዓይኑን ወደ ድስቱ መለሰ።

«ሳማስል ቀማምሻለሁ።»

ሶልያና ማላመጧን አቆመች። ያቺን መልስ በከተማው ውስጥ ከሷ የበለጠ የሚያውቃት አልነበረም። እጇን ከጋቢው አውጥታ ከገንፎው ቆረሰች፣ ቅቤው ውስጥ ነከረችና ወደ ፊቱ ዘረጋችው። ክንዷ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልወረደም።

«አፍህን ክፈት» አለችው።